«ወላጅ አምጣ» ከማለታችን በፊት



ባለፈው ሳምንት ከማስተማር ልምምድ የተመለሱ ሠልጣኞቻችን ያካሄዱትን የግምገማ ስብሰባ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ስከታተል ነበር። ብዙ ቁም ነገር ተነሥቷል። የተማሪ ብዛት፣ የመጻሕፍት እጥረት፣ የመርጃ መሣሪያ ጉድለት፣ ሁሉም በየተራው ተነግሯል። ትልቁን ጭብጨባ ያገኘው ግን አንድ ሠልጣኝ ስለ አርፋጅ ተማሪዎች ያቀረበው ሐሳብ ነው። «በሩ ልክ በ2 ሰዓት ይዘጋ፤ ሦስት ጊዜ ያረፈደ ወላጅ ያምጣ፤ ወላጅ ያላመጣ ይባረር። ያን ጊዜ ማርፈድ የሚባል ነገር ድራሹ ይጠፋል» አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እኔም ለማጨብጨብ እጄን ካነሣሁ በኋላ አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ መልሼ አወረድኩት። በዚያ ቀን ለመናገር ድፍረት ያጣሁበትን ነገር ነው ዛሬ እዚህ የምጽፈው።

አስተያየቴን ከወዲሁ ላስቀምጥ። ማርፈድ መልካም ነው የሚል ክርክር የለኝም፤ ሥርዓት ሥርዓት ነው። ዳሩ ግን በየትምህርት ቤቱ፣ ቤቱ ውስጥ የታመመ ሰው የሚያስታምም ለጋ ወጣት አለ። የዚህ ልጅ ማርፈድ ከስንፍና የመጣ አይደለም። ምክንያቱን ሳንጠይቅ የምንጥልበት ቅጣት ደግሞ የሚያስቀርበት ማርፈዱን ሳይሆን ትምህርቱን ነው። ስለዚህ «ወላጅ አምጣ» ከማለታችን በፊት ቤት ውስጥ የታመመ ሰው እንዳለ መጠየቅ የመምህርነት ሙያ አንዱ ክፍል መሆን አለበት ባይ ነኝ።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤው አይደለም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ከማሠልጠኛ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ በአንዲት የወረዳ ከተማ 7ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምር ነበር። ከተማሪዎቼ መካከል ዕድሜዋ 14 ገደማ የሆነ አንዲት ልጅ ነበረች። ክፍልፋይ ቶሎ ይገባታል፤ በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ከክፍሉ አምስተኛ ወጥታለች። ከጥር በኋላ ግን ማርፈድ አመጣች። ስትመጣም ደብተሯ ላይ ተደፍታ ታንቀላፋለች። የመጀመሪያውን ቀን ገሠጽኳት። ሁለተኛውን ቀን ከሰንደቅ ዓላማው ሥር ጠጠር ላይ አንበረከክኳት። በሦስተኛው ቀን «ወላጅሽን ይዘሽ ካልመጣሽ እዚህ ክፍል ውስጥ እንዳላይሽ» አልኳት። «እሺ ቲቸር» ብላ ደብተሯን አቅፋ ወጣች። በቃ፤ በማግሥቱም አልመጣች፣ በሳምንቱም አልመጣች። እኔም በስም መጥሪያው ላይ «ቀሪ፣ ቀሪ፣ ቀሪ» እያልኩ ምልክት አደረግሁ እንጂ የት ገባች ብዬ አልጠየቅሁም። እውነቱን ለመናገር፣ ሥርዓት ያስከበርኩ መስሎኝ ኩራት ቢጤም ተሰምቶኝ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ወባ የያዘውን የሥራ ባልደረባዬን ልጠይቅ ወደ ሆስፒታል ሄድኩ። በሴቶቹ የመኝታ ክፍል በር ሳልፍ፣ አንዲት ልጅ ከአልጋ አጠገብ ከተነጠፈ ካርቶን ላይ ብድግ አለች። ተማሪዬ ናት። መምህር ሲያልፍ ብድግ ማለቱ እዚያም አልቀረባትም። በእጇ የአጥሚት ፔርሙዝ ይዛለች። አልጋው ላይ ሰውነታቸው አልቆ ዓይናቸው ብቻ የቀረ ሴት ተኝተዋል። ልጅቷ እንደ ጥፋተኛ አንገቷን ደፍታ፣ «ቲቸር፣ ወላጅ አምጪ ብለውኝ ነበር። እናቴ ይቺ ናት፤ መነሣት ስላልቻለች ነው» አለችኝ።

ምን ብዬ እንደመለስኩላት አላስታውስም። በኋላ ሳጣራ አባት የላትም። አንድ የአምስት ዓመት ወንድም አላት። ሌሊት እናቷን ታገላብጣለች፤ ጎሕ ሲቀድ ውሃ ትቀዳለች፤ እናቷን ታጥባለች፤ ፖፖውን ትደፋለች፤ አጥሚት ታፈላለች፤ ወንድሟን አብልታ ለጎረቤት አደራ ትሰጣለች። ወደ ትምህርት ቤት የምትሮጠው ይህን ሁሉ ከጨረሰች በኋላ ነው። እኔ ስንፍና ያልኩት ነገር የአንድ ጎልማሳ ሰው የቀን ሥራ ኖሯል። ሁዳዴ ሳይፈታ እናቷ ዐረፉ። መምህራኑ ገንዘብ አዋጥተን ለቅሶ ደረስን። ድንኳኑ ውስጥ ያልነበረ አልነበረም። ልጅቷ ግን ወንድሟን ይዛ ወደ አክስቷ አገር ሄደች፤ ወደ እኛ ትምህርት ቤትም አልተመለሰችም። ለለቅሶው ጊዜ አላጣንም፤ ጊዜ ያጣነው ለሕመሙ ነው።

«ያ ዘመን አልፏል» የሚል ይኖር ይሆናል። እርግጥ ነው፣ ያ ወቅት ኤች አይ ቪ ኤድስ በየቤቱ የገባበትና ብዙ ልጆች እናትና አባታቸውን አስታመው የቀበሩበት ክፉ ጊዜ ነበር። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መታደል በመጀመሩ ብዙ ወላጆች ከአልጋ ተነሥተው ልጆቻቸውን ለማሳደግ በቅተዋል። ይሁንና በሽታው መልኩን ለወጠ እንጂ አስታማሚው ልጅ አልጠፋም። ዛሬም የደም ግፊት ስትሮክ አስከትሎበት ግማሽ ጎኑ የማይታዘዝለት አባት አለ፤ እሱን የሚያጎርስና የሚያገላብጥ ልጅ አለው። ገላው እንዳይቆስል አንድን ትልቅ ሰው በየጥቂት ሰዓቱ ማገላበጥ ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ የሠራው ያውቀዋል። ስኳር በሽታ ያለባት እናት ትኖራለች፤ ኢንሱሊኑን በሰዓቱ የሚያስታውሳት፣ ላብ ሲያጠምቃትና እጇ ሲንቀጠቀጥ ስኳር በጥብጦ የሚያጠጣት ልጇ ነው። ዓይኑን ያጣ አባት በልጁ ትከሻ ተደግፎ ይሄዳል። ነገር የምትዘነጋ አያት ሌሊት በር ከፍታ እንዳትወጣ የልጅ ልጇ በር ላይ ትተኛለች። አእምሮው የታወከ ወንድም ያለው ልጅ ደግሞ ቤተሰቡ ጸበል ሲወርድ አብሮ ወርዶ ሁለትና ሦስት ሳምንት ከትምህርት ይቀራል። ሲመለስም «የት ነበርክ?» ቢባል አይናገርም።

ይህ ሥራ በአብዛኛው የሚወድቀው በሴት ልጅ ላይ መሆኑም ሊሰመርበት ይገባል። እናት ስትታመም የእናትነቱ ሥራ ሁሉ ወደ ትልቋ ልጅ ይዞራል። ወንድሟ ደብተሩን ይዞ ሲሄድ እሷ ምድጃ ሥር ትቀራለች። ማንም «ትምህርትሽን ተዪ» አላላትም፤ አንድ ቀን፣ ከዚያ አንድ ሳምንት፣ ከዚያ አንድ መንፈቅ እያለች ራሷ ቀርታ ትገኛለች።

ታዲያ መምህሩ ይህን ሁሉ በምን ያውቃል? በእጁ ባለው የስም መጥሪያ ነው። የስም መጥሪያ «አለ» እና «የለም» ብቻ የሚነገርበት ወረቀት አይደለም፤ ላየው ሰው ብዙ ይናገራል። የሰነፍ ማርፈድ ሥርዓት የለውም፤ አንድ ቀን ኳስ፣ አንድ ቀን እንቅልፍ ነው። የአስታማሚ ማርፈድ ግን ሥርዓት አለው። በየወሩ በተቀራራቢ ቀን የሚቀር ተማሪ ካለ፣ ያ ቀን የሐኪም ቀጠሮ ወይም መድኃኒት የሚወሰድበት ቀን ሊሆን ይችላል። በየቀኑ እኩል ደቂቃ የሚያረፍድ ካለ፣ ጧት ጨርሶት የሚመጣው ሥራ አለ ማለት ነው። የረፍት ደወል ሲደወል ከበር የሚሮጥ፣ የሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ የሚያንቀላፋ፣ ደጋግሞ «ስንት ሰዓት ሆነ?» የሚል፣ የጥቅምት ውጤቱና የየካቲት ውጤቱ የማይተዋወቁ ተማሪ፣ እነዚህ ሁሉ ምልክቶች ናቸው። ምልክት ማስረጃ አይደለም፤ ለመጠየቅ ግን ይበቃል።

አንድ ምሳሌ ልጨምር። ለተለመደው የሳንባ ነቀርሳ ሕክምናው ስድስት ወር ነው። ከዚህ ውስጥ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ታማሚው ክኒኑን በየቀኑ በጤና ባለሙያ ፊት መዋጥ አለበት። አቅም ያነሰውን አባቱን በየጧቱ ደግፎ ጤና ጣቢያ የሚያደርስ ልጅ ሁለት ወር ሙሉ ቢያረፍድ ምን ይደንቃል? ሁለቱ ወር ያልፋል፤ አባትየውም ይድናል። መምህሩ ግን በሦስተኛው ቀን ካባረረው፣ አባት ሲድን ልጅ ትምህርት አጥቶ ይገኛል። የሁለት ወር ትዕግሥት የአንድ ዓመት ትምህርት ያድናል ማለት ይኸው ነው።

አጠያየቁም ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። በአገራችን የቤት ሕመም ገመና ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያልን እንተርታለን፤ በተግባር ግን እንደብቃለን። ልጁም እናቱን ከሚያጋልጥ ጠጠር ላይ መንበርከክን ይመርጣል። «እንቅልፍ ወስዶኝ ነው» ብሎ ይዋሻል፤ በገዛ ራሱ ላይ ይመሰክራል። ስለዚህ በክፍል ፊት «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ ማፋጠጥ ፋይዳ የለውም። በረፍት ሰዓት፣ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ብቻውን ጠርቶ «ጧት ከቤት ከመውጣትህ በፊት ምን ምን ትሠራለህ?» ብሎ መጠየቅና ከዚያ ዝም ብሎ ማዳመጥ ይሻላል። ይህ ጥያቄ ማንንም አያሳፍርም፤ ሥራውን በዝርዝር ሲነግራችሁ ሕመሙን ራሱ ይነግራችኋል።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ ልምጣ። የመጀመሪያው «ልጅ ወላጁን ቢጦር ባህላችን ነው፤ ምርቃት ያገኝበታል» የሚል ነው። ልክ ነው፤ እኔም አልክድም። እንዲያውም በ1982 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1990) እዚሁ አዲስ አበባ ላይ የጸደቀው የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተር በአንቀጽ 31 ልጅ ለቤተሰቡ ኃላፊነት እንዳለበት፣ ወላጆቹንም በችግራቸው ጊዜ መርዳት እንደሚገባው ደንግጓል። ነገር ግን ይኸው አንቀጽ ኃላፊነቱ እንደ ልጁ ዕድሜና ችሎታ የሚመዘን መሆኑንም ይናገራል። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ለእናት ውሃ ማቀበል አንድ ነገር ነው፤ በ14 ዓመት ብቻን ሆኖ ሐኪምም፣ እናትም፣ ገንዘብ ያዥም መሆን ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ልጅን ያንጻል፤ ሁለተኛው ያጎብጣል።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 36 ልጆች ትምህርታቸውን፣ ጤናቸውንና ደኅንነታቸውን ከሚጎዳ ሥራ እንዲጠበቁ ይደነግጋል። እዚያው አንቀጽ ላይ በትምህርት ቤት ከሚፈጸም የአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብትም ሰፍሯል። ያቺን ልጅ ጠጠር ላይ ሳንበረክክ ይህ ሕግ ከጸደቀ ዓመታት አልፈው ነበር። እኔ ግን አላነበብኩትም ነበር። እናንተ ሳታነቡ እንዳትወጡ።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ክፍሌ ውስጥ 70 ተማሪ አለ፤ የየቤቱን ጣጣ እንዴት እችለዋለሁ?» የሚል ነው። ይህም ከእውነት የራቀ አይደለም። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ሕግ የአካባቢ አስተዳደሮች ቤተሰባቸውን የሚያስታምሙ ልጆችን ለይተው እንዲያውቁና የሚያስፈልጋቸውን ድጋፍ እንዲያጠኑ ግዴታ ጥሎባቸዋል። እኛ ለዚህ የሚሆን ቢሮና ገንዘብ የለንም። ያለን መምህሩ፣ ጎረቤቱና እድሩ ነው። መምህሩ ሸክሙን ብቻውን ይሸከም አላልኩም፤ አይቶ ለሚችለው ያስተላልፍ ነው ያልኩት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ይሉ የለ!

ሦስተኛው «ልጆች ይዋሻሉ፤ እናቴ ታመመች ማለት መላ ይሆናል» የሚለው ነው። ጥቂቶች ይዋሹ ይሆናል። ለዚህ ነው የቤት ጉብኝት የሚባለው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቤቱ ድረስ መሄድ ውሸታሙን ከእውነተኛው ይለያል። ደግሞስ አንድ ውሸታም ቢያታልለኝ የሚጎድልብኝ ምንድን ነው? አንዲት እውነተኛ ብባርር ግን ምን እንደሚጎድል ከላይ ተናግሬአለሁ።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ከገንዘብ ይልቅ ልብ የሚጠይቁ ጥቂት ነገሮችን ልጠቁም።

አንደኛ፣ ትምህርት በፈረቃ በሚሰጥበት ቦታ አስታማሚውን ተማሪ ለሥራው ወደሚመቸው ፈረቃ ማዛወር ይቻላል። ይህ የአንድ ርእሰ መምህር ፊርማ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ሁለተኛ፣ ፈተና ያለፈው ተማሪ በምክንያት መቅረቱ ከታወቀ ሌላ ቀን ይፈተን። በቀረበት ቀን የተጻፈውን ማስታወሻ የሚያቀብለው አንድ የሰፈሩ ልጅ ይመደብለት። በረፍት ሰዓት ወደ ቤት ሄዶ መድኃኒት ሰጥቶ እንዲመለስም የበር ፈቃድ ይሰጠው።

ሦስተኛ፣ የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ትነገር። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ጀምሮ ቤት ለቤት መዞር የሥራዋ አካል ነው። ልጁ አባቱን እንዴት እንደሚያገላብጥ፣ ቁስል እንዴት እንደሚያጥብ ብታሳየው ከባዱን ነገር አቀለለችለት ማለት ነው። ከነቀርሳ ታማሚ ጋር የሚኖር ከሆነም ልጁ ራሱ እንዲመረመር ታደርጋለች።

አራተኛ፣ ቤተሰቡ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል መሆኑ ይጠየቅ። በ2003 ዓ.ም. በሙከራ የተጀመረው ይህ መድን መክፈል የማይችሉ ድሆችን በመንግሥት ድጎማ የሚያቅፍበት አሠራር አለው። የ14 ዓመት ልጅ ይህን ከየት ያውቃል? መምህሩ ግን ሊያውቅና ወደ ቀበሌ ሊመራው ይችላል።

አምስተኛ፣ የወላጅ መምህር ኅብረቱና እድሩ ይነገራቸው፤ ቤተሰቡ ሲፈቅድ ብቻ፣ በገመና ጠባቂነት። እድር ለሞተ ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል። በሕመም ጊዜም የሚደርሱ እድሮች አሉ፤ ይበረታቱ። ከሰፈሩ ሴቶች አንዷ በሳምንት ሁለት ጧት ብቻ ብትተካት፣ ያቺ ልጅ በሳምንት ሁለት ቀን በሰዓቱ ትገባለች።

ነገሩ ደግሞ ሩቅ አይደለም። እዚሁ ተቋማችን ውስጥ፣ ይህን ጽሑፍ ቆመው ከሚያነቡት መካከል፣ በየዓርቡ ከሰዓት ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወደ ቤቱ የሚጣደፍ ሠልጣኝ አለ። የመኝታ ክፍል ጓደኞቹ «ቤቱ ናፋቂ» ይሉታል። ስሙንም የሚያስታምመውንም አልጽፍም። ግን ሰኞ ጧት ዓይኑ ቀልቶ ሲገባ እኛ መምህራኑ ምን እንደምንለው፣ እናንተ ጓደኞቹም ምን እንደምትሉት እናስብ። አስታማሚን መለየት እዚህ ያልተማረ እጩ መምህር ገጠር ሄዶ አይማረውም። ለዚያ ሠልጣኝም አንድ ቃል አለኝ፦ የምትሠራው ሥራ የሚያሳፍር አይደለም። ነገ በምታስተምርበት ክፍል ውስጥ እንዳንተ ያለውን ልጅ ከሁላችንም ቀድመህ የምታየው አንተ ነህ።

በመጨረሻም ወደ ስብሰባው ሐሳብ ልመለስ። በሩ በ2 ሰዓት ይዘጋ፤ አልቃወምም። ነገር ግን ከበሩ አጠገብ ጅራፍ የያዘ ሳይሆን የሚጠይቅ ሰው ይቁም። «ሦስት ጊዜ ያረፈደ ወላጅ ያምጣ» የሚለውም «ሦስት ጊዜ ያረፈደ ተማሪ ቤት መምህሩ ይሂድ» ተብሎ ይስተካከል። ወላጁ መምጣት የሚችል ከሆነ በሁለት እግሩ ይመጣል፤ የማይችል ከሆነም መምህሩ አልጋው ድረስ ሄዶ ያየዋል።

ሁላችንም ለቅሶ መድረስ እናውቅበታለን። ድንኳን እስኪተከል ሳንጠብቅ ለሕመሙም እንድረስ።

ከተቋሙ መምህራን አንዱ